ገንዘቡ በኪሎ ሜትር ሲታሰር

የምሠራው የተጣሉ ውሾችንና ድመቶችን በሚያስጠልል ድርጅት ውስጥ ነው። የኔ ድርሻ ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቡችላ ያቀፈ ሐኪም ነው። ከዚያ ጀርባ ግን በየቀኑ የሚያልቅ ምግብ፣ የሚገዛ ክትባት፣ የሚከፈልበት የማምከን ቀዶ ሕክምና አለ። በተለይ ማምከን ጊዜ አይሰጥም። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ድመት ደግሞ ልጆቿን እያጠባች እንኳ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ገንዘቡ በዘገየ ቁጥር በካርቶን ተደርገው በር ላይ የሚጣሉ ቡችሎች ይበዛሉ። ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ፣ አንድ ቀን ለዚህ ገንዘብ ብለው ሐይቅ ሊያቋርጡ የወጡ ሰዎች ለምን ያን ያህል እልህ እንደያዛቸው እንድትረዱልኝ ነው።

ገንዘብ ከምናሰባስብባቸው ዝግጅቶች ሁሉ ሰው የሚወደው የካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ የጠባብ ጀልባ፣ ጉዞውን ነው። በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ሐይቅ ያቋርጣሉ። እያንዳንዱ ተሳታፊ ቀደም ብሎ ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከባልደረባ ቃል ያስገባል። "ለምቀዝፈው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ትሰጠኛለህ" ይላል። ቃሉ የሚፈረምበት ፎርም እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተዘጋጀ ነው፤ ለዓመታት ያለ ችግር አገልግሏል። ከታች አንድ ተጨማሪ መስመር ነበረው፦ ቡድኑ ሙሉውን ካቋረጠ ዋናው ስፖንሰር የተሰበሰበውን ያህል ይደርባል። የጉዞው ግማሽ ገቢ በዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ጠዋት ሐይቁ ረጭ ብሎ ነበር። የተነሳንበት ዳርቻ ከኋላው ኮረብታ አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ ሲነፍስ፣ ዳር ላይ የቆመ ሰው ኮረብታው ስለሚከልለው አይሰማውም። ውሃው እግሩ ሥር የተኛ ይመስለዋል። ከዳር በራቀ ቁጥር ግን ነፋሱ ያገኘዋል፤ ያውም ወደ መሃል እየገፋው። ጋይዳችን ይህን አስቀድማ ነግራናለች። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ንግግሯ አጭር ነው። የእያንዳንዳችንን የሕይወት ጃኬት በትከሻው ይዛ ወደ ላይ እየጎተተች ሞከረች። ጃኬቱ ወደ ጆሮ ከወጣ ማሰሪያው ላልቷል ማለት ነው። ለካያክ የሚለበሰው ዓይነት 50 ኒውተን ያህል የማንሳፈፍ አቅም አለው፤ እንደ ልብ ያስቀዝፋል፣ ራሱን የሳተን ሰው ግን በጀርባው ገልብጦ ፊቱን ከውሃ ላያወጣው ይችላል። ስለዚህ ጃኬት ለብሻለሁ ብሎ መዝናናት የለም። ደግሞም ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበሱ አለች። ፀሐይ ስላለ ብቻ በቲሸርት የመጡትን መልሳ አስለበሰቻቸው።

እሷ ከፊት፣ ረዳቷ ከኋላ ሆነው መሃል አስገቡን። እኔና ባልደረባዬ ባለሁለት ሰው ካያክ ይዘን ወደ ኋላ ነበርን። ከግማሽ በላይ እስክንደርስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሐይቁ ላይ አንዲት ጠጠራማ ደሴት አለች። የውሃ ወፎች መሬት ላይ እንቁላል ይጥሉባታል። በካርታችን ላይ በሩቁ የምናልፋት ተብላ ተከባለች። ሰዎች ካያክ ድምፅ ስለሌለው እንስሳ አይረብሽም ይላሉ። እንዲያውም ድምፅ ስለሌለው ነው የሚያስደነግጠው፤ ወፎቹ ሳያዩት አጠገባቸው ይደርሳል። ወላጆቹ ብድግ ብለው ሲበሩ እንቁላሉ ባዶውን ይቀራል። በብርድ ይቀዘቅዛል፣ ወይም በፀሐይ ይበስላል፣ ወይም ሌላ ወፍ ይለቅመዋል። ጫጩት ካለ ደግሞ ተበታትኖ ይጠፋል። ቀና ቀና ያሉ አንገቶች ካያችሁ፣ ጩኸት ከሰማችሁ፣ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ተመለሱ።

ነፋሱ የመጣው ደሴቷን አልፈን ልንሄድ ስንል ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነጭ አረፋ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ነጭ አረፋው በየቦታው ሆነ። ቦፎርት በሚባለው የነፋስ መለኪያ 4 የሚባለው፣ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ማለት ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለጀማሪ ቀዛፊ ያ ብዙ ነው።

መጀመሪያ የተገለበጡት ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከመጠለያችን አንዲት አሮጊት ውሻ ወስደው ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ከማንም በላይ ቃል ያስገቡትም እሳቸው ነበሩ። ሞገዱ ከጎን መጣባቸው፣ ወደ ሌላው ጎን ዘመም አሉ፣ አለቀ።

ፊሽካ ሦስት ጊዜ ተነፋ። ጋይዷ ደርሳ መጀመሪያ ያለችው ስለ ጀልባው አልነበረም። "ጋሼ፣ ይተንፍሱ። ቀስ ብለው ይተንፍሱ። እኔ አለሁ" ነው ያለችው። ምክንያት አላት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይፈልግ ያለከልካል። የቀዝቃዛ ውሃን ጉዳይ ያጠኑት ካናዳዊው ምሁር ጎርደን ጊስብሬክት 1-10-1 ብለው አስቀምጠውታል፦ 1 ደቂቃ ትንፋሽን ለመቆጣጠር፣ 10 ደቂቃ እጅና እግር ለሥራ እስኪሰንፉ፣ 1 ሰዓት ደግሞ በብርዱ ራስን እስከ መሳት። ብዙ ሰው ብርዱ ቀስ ብሎ የሚገድል ይመስለዋል፤ ቀድሞ የሚመጣው አደጋ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው።

ከዚያ የተገለበጠውን ካያክ አፍንጫውን ይዛ በራሷ ጀልባ ላይ አግድም ጎተተችው። ውሃው ዘርገፍ ብሎ ወጣ። አቀናችው፣ ከጎኗ አስጠጋችው፣ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። "እግርዎን ወደ ላይ ይምቱ፣ በደረትዎ ይውጡበት።" ጋሼ ሁለቴ ተንሸራተቱ፣ በሦስተኛው ወጡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

በዚህ መሃል ክርክር ተነሳ። አንዳንዱ ደሴቷ ላይ እንውረድ ይላል። ወፎቹ አሁን ከላያችን እየዞሩ ይጮሃሉ። ጋይዷ መለሰች፦ "ሕይወት ለማዳን ካስፈለገን እንወርዳለን፣ አንድ ደቂቃ አላመነታም። አሁን ግን የሚያስፈልገን ከለላ ነው።" ደሴቷን በእኛና በነፋሱ መሃል አደረገችልን፤ እዚያ ውሃው ተኝቷል። ከዳሯም ራቅ አልን። ካያኮቹን ጎን ለጎን አጋጥመን የጎረቤታችንን ጀልባ ይዘን ቆየን። እንዲህ ሲያያዙ አንድ ሰፊ ወለል ይሆናሉ፤ መገልበጣቸው በጣም ይከብዳል። ጋሼን እርጥቡን አስወልቀን ከውሃ መከላከያው ቦርሳ ደረቅ ልብስ አለበስናቸው።

ያኔ ከመሃላችን አንዱ ጮክ ብሎ ተናገረ። "ጥቂት ነው የቀረን! ድርቡስ? ስፖንሰሩ እኮ ከጨረስን ነው የሚሰጠው!" ማንም አልተቆጣውም። ሁላችንም ልባችን ውስጥ የነበረውን ነው ያወጣው። ጋሼም እየተንቀጠቀጡ "እኔ እቀጥላለሁ፣ ለውሾቹ ነው" አሉ።

ጋይዷ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልመለሰችም። "ጋሼ፣ አውራ ጣትዎንና ትንሿን ጣትዎን ያገናኙልኝ" አለቻቸው። እጃቸውን አወጡ። ጣቶቹ ተቀራረቡ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ሳይነካኩ ቀሩ። ሌላ ነገር አላለችም። ሁላችንም አየነው። እጁ እንዲህ የሆነ ሰው መቅዘፊያ አጥብቆ መያዝ አይችልም።

ወደ መጣንበት መመለስ ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም ነው። ወደፊት ከሄድን የባሰው ይጠብቀናል። እሷ ግን ጠዋት ካርታው ላይ መውጫ የሚሆኑ ቦታዎችን ምልክት አድርጋለች። ቅርቡ በጎን በኩል ያለ የባሕር ዛፍ ዳርቻ ነበር። ጋሼን በገመድ ከራሷ ጀልባ ጋር አሰረች፣ ረዳቷ ጎን ጎናቸው ሄደ፣ መኪናውን በስልክ ወደዚያ አስመጣች። ቀስ ብለን፣ በደካማው ሰው ፍጥነት፣ ሁላችንም ወጣን። ጋሼ መኪናው ውስጥ ሞቅ ሲላቸው ስለ ውሻቸው ማውራት ጀመሩ፤ ያኔ ነው ልቤ የተመለሰው።

ቢሮ ስንመለስ ሂሳቡ ጠበቀን። ቃል ከገቡት ብዙዎቹ ነገሩን ሲሰሙ ሙሉውን ከፈሉ። አንዳንዶቹ በተቀዘፈው ልክ ቆርጠው ላኩ፤ መብታቸው ነው፣ የፈረሙት እንደዚያ ነው። ዋናው ስፖንሰር ግን ድርቡን አልሰጠም። ውሉ "ካቋረጠ" ነው የሚለው። እኔ አልፈርድባቸውም። እነሱም ለአለቆቻቸው የሚያሳዩት ወረቀት አለባቸው። የማምከን ፕሮግራማችን ግን በዚያ ምክንያት ተገፍቷል፤ ያ እስካሁን ያመኛል።

ስብሰባው ላይ ብዙ ተከራከርን። አንዱ ባልደረባዬ ጋይዷ ትክክል ስለሆነች ፎርሙ ላይ ምን ችግር አለ አለ። እኔ የማየው ችግሩን እዚያው ላይ ነው። ሁልጊዜ እንደ እሷ ያለ ሰው አይገኝም። ውሃ ላይ የሚወስን ሰው ትከሻ ላይ የመጠለያውን ዓመታዊ በጀት ጭነን፣ ከዚያ በነፃነት ወስን ማለት አንችልም። ደግሞ የሚገፋው ስግብግብ ሰው አይደለም። የሚገፋው ደግ ሰው ነው፤ ለእንስሳቱ ብሎ ራሱን የሚረሳ። ለክፉ ሰው እምቢ ማለት ይቀላል።

ስለዚህ ፎርሙን ለወጥነው። ቃል የሚገባው አሁን ለተሳትፎው ነው፤ ሰውየው ጠዋት ለብሶ ዳርቻው ላይ ከተገኘ ገንዘቡ የመጠለያው ነው፣ ጉዞው ቢሰረዝም። ድርቡም ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በተሰበሰበው ልክ ይታሰባል። ስፖንሰሩ ይህን ሳቀርብ ይከብዳቸዋል ብዬ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚያወጡ ቀድመው ማወቃቸው እንዲያውም ተስማምቷቸዋል። ከታች ደግሞ ጋይዱ በማንኛውም ሰዓት ጉዞውን ሊያስቆም እንደሚችል፣ ምክንያት እንዲያቀርብም እንደማይገደድ ጽፈናል። ተሳታፊው ይህን ከነምክንያቱ አንብቦ ይፈርማል።

በእግር ጉዞዎቻችን ላይ በኪሎ ሜትር መክፈሉ እንዳለ ነው። ሰው ይወደዋል፣ ገቢውም ጥሩ ነው። የደከመው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ መኪና ይጠብቃል። ውሃ ላይ ቁጭ የሚባልበት ዳር የለም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ በርቀት ቃል ላስገባ የሚል ተሳታፊ ሲመጣ አመስግኜ አዲሱን ፎርም እሰጠዋለሁ።