ናንሲና ብስክሌቷ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ጥፋቱ የናንሲ ዌክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ በምስጢር ስትሠራ ያሳለፈችውን እ.ኤ.አ. በ1985 በመጽሐፍ አውጥታው ነበር። አንዴ ከጀመሩት አያስቀምጡትም።

ኒውዚላንድ ተወልዳ ሲድኒ ያደገች ጋዜጠኛ ናት። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከተማ ላይ ሀብታም ነጋዴ አግብታ ሞልቶላት ትኖር ነበር። ምን አጥታ እዚህ ጣጣ ውስጥ ገባች ትላላችሁ! የናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ እያመለጠችው ቢቸገር «ነጯ አይጥ» አላት። የመጽሐፉም ስም እሱው ነው።

እኔን የያዘኝ የብስክሌቱ ታሪክ ነው። በ1944 በፓራሹት መሀል ፈረንሳይ፣ ኦቨርኝ ወርዳ ከፈረንሳይ አርበኞች ጋር እየሠራች ሳለ የሬዲዮ ኮዳቸውን አጡ። ከለንደን ጋር ካልተገናኙ ደግሞ መሣሪያ የለም፣ ገንዘብ የለም። እሷ ለለንደን መልእክት የሚያስተላልፍላቸው ሌላ የሬዲዮ ሠራተኛ ፍለጋ ብስክሌት ላይ ወጣች። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ72 ሰዓት፣ በጀርመን ኬላዎች መሀል! ኬላ ስትደርስ ለወታደሮቹ ፈገግ፣ ቅብጥ እያለች ታልፋለች። ስትመለስ መቆምም መቀመጥም አቃታት። ከሜዳሊያዎቿ ሁሉ ይልቅ የምትኮራው በዚህ ጉዞ ነበር። እውነቷን ነው።

ባሏን አንሪ ፊዮካን ግን ጀርመኖች በ1943 ገድለውታል። አሰቃይተውትም ስለ እሷ ትንፍሽ አላለም። እሷ መሞቱን የሰማችው ፈረንሳይ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። እዚህ ጋ ሆዴ ባባ።

ማታ ለእህቴ በስልክ ስተርክላት «ይሄ ፊልም ነው?» አለችኝ። ነገ መጥታ ልትወስደው ነው። ተራ የምትፈልጉ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ።