ወይን ጠጅ አዋቂዋን ሠዓሊ ወዳጄን በወጉ ለማድነቅ የሄድኩበት መንገድ

ጅማ የቡናና የማር አገር ናት፤ ከነዋሪዋም ብዙው በሃይማኖቱ ምክንያት የአልኮል መጠጥ ወደ አፉ አያስጠጋም። በመሆኑም አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ሥራ ለዓመታት ወይን ጠጅ ስትቀምስና ለእንግዳ ስትመርጥ ቆይታ ወደ ትውልድ ከተማዋ የተመለሰችው ወዳጄ፣ በዚያው በወይን ጠጅ የምትሥላቸውን ሥዕሎች ለጎረቤት ባሳየች ቁጥር «መቅመስም ሙያ ነው እንዴ?» እና «ቀለም ጠፍቶ ነው በመጠጥ የምትሥዪው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይገጥሟት ነበር። እኔ ቤቴን ከፍቼ ሥዕሎቿን ለወዳጅ ዘመድ ለማሳየት የተነሣሁት በእሷ ፈንታ ለመከራከር አልነበረም። የምታውቀውን ነገር እንግዶቹ በገዛ ዓይናቸውና አፍንጫቸው እንዲያገኙት ፈልጌ ነው።

«ሁለት ሙያ ያላት ሴት» ብሎ ማመስገን ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቀማሽነቷ ሥዕሉ ላይ የት ጋ እንደሚታይ መናገር የማይችል አድናቂ ለባለሙያ ብዙም አይጠቅማትም። ስለዚህ እንድታስተምረኝ ለመንኳት። ትምህርቱን የጀመረችው በቡና ነው፤ የጅማ ልጅ አፍንጫ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱን ነውና። የቡና ቀማሾች ሥርዓት እንደሚያዘው 150 ሚሊ ሊትር ለሚሆን ውሃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና መዝና፣ ፍላቱ ትንሽ በረድ ያለለትን ውሃ አፈሰሰችበት፤ 4 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላም ላዩ ላይ የጋገረውን በማንኪያ ገፋ አድርጋ አፍንጫዬን እንዳስጠጋ አዘዘችኝ። የሊሙ ቡና በውጭ ገዢዎች ዘንድ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይላል እየተባለ እንደሚወደስ ከዚያ በፊት ብሰማም፣ ነገሩ በእርግጥ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምራቅ የሚያስመጣው ኮምጣጣነት አንድ ነገር፣ አፍን የሚያደርቀውና የሚሰበስበው ታኒን ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን በቡናውና ብዙ በቆየ ሻይ ከለየሁ በኋላ፣ ወደ ወይን ጠጁ መሻገር አልከበደኝም።

ወይን ጠጁን ከመቅመሷ በፊት ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። ብርጭቆውን ሲሶ ያህል ብቻ ሞልታ፣ የእጅዋ ሙቀት እንዳይነካው በቀጭኑ እግሩ ትይዝና፣ ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብላ ጠርዙን ትመረምራለች። ለጋ ቀይ ወይን ጠጅ ጠርዙ ሐምራዊ ነው፤ እያረጀ ሲሄድ ከፍሬው ቆዳ የወጣው ቀለም ከታኒኑ ጋር እየተያያዘና እየዘቀጠ፣ ጠርዙ የሸክላ ጡብ መልክ ይይዝና በመጨረሻ ወደ ቡናማ ያደላል። የሥዕሏ ምሥጢር የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ቡሽ በተደፈነበት ጠርሙስ ውስጥ ዓመታት የሚፈጀውን ለውጥ፣ ወረቀት ላይ ብርሃንና አየር በወራት ውስጥ ይጨርሱታል። እንግዲህ እሷ ብሩሿን ስታነሣ የምታስበው አሁን የሚታየውን ሐምራዊ አይደለም፤ ጋጋሪ ሊጡን እያቦካ ዳቦውን እንደሚያስብ፣ ነገ የሚመጣውን ቡናማ አስልታ ነው። ይህን ስሌት ያስተማራት ሆቴሉ ውስጥ የቀመሰችው ጠርሙስ ብዛት እንጂ የሥዕል ትምህርት አይደለም።

የምትሠራበት ጠረጴዛ ለማየት ደስ ይላል። ብዙውን ጊዜ የምትገዛው ባቱ፣ ማለትም በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ የሚጠመቀውን ሪፍት ቫሊ ሲራህ የተባለ ቀይ ወይን ጠጅ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያወጣው የካስቴል ፋብሪካ ምርት ሲሆን፣ የሲራህ ወይን ቀለሙ ጥልቅ በመሆኑ ለሥራዋ ይመቻታል። አክሱሚት የተባለው ወይን ጠጅ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩ ወረቀቱን ሙጫ ሙጫ አድርጎ ጉንዳን ይጠራበታል፤ ክሪስታል ደግሞ ነጭ በመሆኑ ይህ ነው የሚባል ቀለም አይተውም። ሲራሁን በትንሽ ድስት አድርጋ በረመጥ ላይ ቀስ ብላ ታወፍረዋለች፤ እሳቱ ከበረታ ቀለሙ ገና ከጅምሩ ይጠቁራልና። ከዚያም በአንድ ሲኒ የተጠለለ የአመድ ውሃ፣ በሌላው የሎሚ ጭማቂ ታስቀምጣለች። ወረቀቱ ላይ ባለው ቀይ መስመር ላይ የአመድ ውሃ ነካ ስታደርግበት፣ ዓይኔ እያየ መስመሩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ተለወጠ፤ ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ደግሞ ተመልሶ ቀላ። የወይን ቆዳ ቀለም ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል፣ አመድ ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የአዌቱን ወንዝ የሣለችበት ሥዕል ላይ ያለው ውሃ በሙሉ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ኖራነት ያለው ወረቀትም ሳይታሰብ ቀለሙን ስለሚያገረጣው፣ አዲስ ወረቀት በገዛች ቁጥር ጥጉ ላይ አንድ ጠብታ ጥላ ትፈትነዋለች።

ይህን ካየሁ በኋላ ዝግጅቱን ማቀድ ቀላል ሆነ። ሥዕሎቹን የሰቀልኩት ከመስኮት ርቆ ባለው ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ቀን ላይ መጋረጃው ተዘግቶ ዋለ። ከየሥዕሉ ሥር የተሣለበትን ወር፣ የተሠራበትን ወይን ጠጅና ቀለሙ ወደየት እንደሚያመራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አደረግኩ፤ እንዲያውም ይኸው የሲራህ መስመር ትኩስ ሳለና ወራት ሲያልፉበት ምን እንደሚመስል ጎን ለጎን የሚያሳይ ወረቀት ከሁሉም በላይ ሰው ያሰባሰበ ሆነ። የመጠጡን ጉዳይ በተመለከተ ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር አስቀድሜ ተመካከርኩ። ሳሎን ውስጥ የሊሙ ቡናና ብርዝ ብቻ እንዲቀርብ፣ ወይን ጠጅ ማሽተትም ሆነ መቅመስ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ጓዳ ገብቶ ከእሷ ጋር እንዲቆም ተስማማን። እንዲህ ያለውን ነገር «ሰው ይገባዋል» ብሎ መተው ተገቢ አይመስለኝም፤ እንግዳ ቤት ከገባ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ያሸማቅቃል።

ከእንግዶቹ መካከል በርጩማ በመጥረብ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ከሚያሳየው ሥዕል ፊት ለፊት ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ ጣውላ ዝናብ የመታው ነው። በገዛ እጅሽ እንዴት አስረጀሽው?» አሏት። እሷም፣ «እኔ አላስረጀሁትም አባባ፤ ራሱ እያረጀ ነው፤ ከርሞ ቢያዩት ከዚህም ይጠቁራል» ብላ መለሰችላቸው። አዛውንቱ ወይን ጠጅ ቀምሰው አያውቁም፤ ቢሆንም እኔ ብዙ ተምሬ የደረስኩበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቋት። ከዚያ በኋላ ማብራሪያዬን አሳጠርኩ፤ እንጨት፣ ቡና ወይም ጨርቅ የሚያውቅ ሰው የራሱን መግቢያ በር አያጣም።

በዋጋ ነገር ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። ወዳጅ ስለሆነች «አንዷን ስጪኝ» የሚል አይጠፋም፤ በመሆኑም ዋጋውን አስቀድመን ተነጋግረን ጽፈን ለጠፍነው፣ እኔም የቤተ መንግሥቱን ሥዕል በተለጠፈበት ዋጋ ገዛሁ። ተቃወመች፤ «ከአንተስ ገንዘብ አልቀበልም» ብላ ለመማል ሁሉ ዳድቷት ነበር፤ የሲራሁን ዋጋ ስቆጥርላት ግን ዝም አለች። ለሚገዛ ሁሉ ቀለሙ እንደሚለወጥ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ይህን ሰምተው የተዉም አሉ፣ መብታቸው ነው። እስካሁን ያልተስማማነው በመስታወቱ ላይ ነው፤ እኔ የፀሐይን ጨረር የሚከላከል መስታወት ይግባበት እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ለውጡን ማዘግየት ጠርሙስን ከፍቶ መልሶ መድፈን ነው ትላለች። የእኔው ሥዕል ለጊዜው ያለ መስታወት ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል።