እግሬን ላጸናልኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው

ከየት እንደምጀምር አላውቅም ብቻ ስሙ ይመስገን። መምህርት ነኝ፣ ቆሜ ነው የምውለው፣ 40ን ካለፍኩ በኋላ ግራ እግሬ ከውስጥ በኩል ቁርጭምጭሚቴ ስር ያብጥ ጀመር፣ ወለምታ ነው ተብዬ ታሸሁ ባሰብኝ፣ እያደር የመሃል እግሬ ጎድጓዳ ጠፍቶ መሬት ላይ ተለጠፈ።

ያን ሌሊት ግን... ቤታችን ኮንዶሚንየም አራተኛ ፎቅ ነው ሊፍት የለውም፣ መብራትም ጠፍቷል፣ ባለቤቴ ፊልድ ወጥቷል፣ ትንሿ ልጄ ትኩሳት ተነሳባት። አዝዬአት ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እግሬ ወደ ውስጥ እጥፍ አለብኝ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ መነሳት አቃተኝ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ትነዳለች ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። እዛ ጨለማ ውስጥ እግዚአብሔርን ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም፣ "ቅዳሴ የቆምኩልህን እግር ነው የነሳኸኝ?" አልኩት። ሳላስበው "እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም የሚጠብቅህም አይተኛም" የሚለው አፌ ላይ መጣ፣ በንዴት ነው ደግሞ፣ ካልተኛህ የታለህ ብዬ ጮህኩ!! በሩን ከፍቶ የወጣው የጎረቤት ልጅ ነው፣ በሻማ እያጠና ድምፄን ሰምቶ። ልጄን ተቀበለኝ፣ እናቱ እኔን ደግፋ ጤና ጣቢያ ድረስ (እትዬ ብድርሽን እሱ ይክፈልሽ፣ ነጠላ እንኳን ሳትደርቢ ነው የወጣሽው)። ልጄ ቶንሲል ሆኖ ዳነች፣ ነርሷ ግን እግሬን አይታ አጥንት ሐኪም ጋ ላከችኝ፣ እሷንም ይባርካት።

ሐኪሙ በአንድ እግርሽ ቆመሽ ተረከዝሽን አንሺ አለኝ፣ ንቅንቅ የለም። ከቁርጭምጭሚት ኋላ ዞሮ ጎድጓዳውን ወደ ላይ የሚይዘው ጅማት ደክሟል አለ፣ 40 ያለፉ ሴቶች፣ ስኳርና ክብደት ያለባቸው ላይ ይበዛል። ለህመሙ መርፌ ውጋኝ ብለው ጅማቱን ሊበጥሰው ይችላል ብሎ እምቢ አለ። ብቻ እግርሽ ገና አልደረቀም በእጅ ሲመልሱት ይመለሳል፣ ቢደርቅ ኖሮ አጥንት ማጣበቅ ነበር አለኝ፣ እኔ እዛው ወንበሩ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ጀሶ፣ ከዛ ደጋፊ ሶል፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ክብደት መቀነስ፣ ወራቱ እንዲሁ ሄደ።

አንድ ቀን ግድግዳ ይዤ ስሞክር ተረከዜ ከመሬት ተነሳ!!! በሐዋርያት ሥራ ስለዚያ አንካሳ ሰው "እግሩና ቁርጭምጭሚቱ ጸና" የሚለው ለኔ የተጻፈ መሰለኝ። ጎድጓዳው እንደ ድሮው አልተመለሰም፣ ሶሉንም አልተውኩም፣ ግን ባለፈው እሁድ ቅዳሴውን ሳልቀመጥ ጨረስኩ። ያ የጎረቤት ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል፣ በጸሎት አስቡልኝ።