የእማዬ ጀሪካኖች

ዛሬ ሲደብረኝ ነው የዋለው። ሰኞ ስለሆነ ይሁን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለዋለ፣ እንጃ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ልተኛ ስል አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለተጻፈው ፕሮግራማችን ሜሞሪ ስክሪንሾት ላከልኝ። «አለቀልን! ፍሪ ሜሞሪ 90 ሜጋባይት ብቻ!»

ደነገጥኩ። ከዚያ ቁጥሮቹን ደግሜ አየኋቸው። ቶታል (እስካሁን ከሲስተሙ የወሰደው) 1024፣ ማክስ (ሊወስድ የሚችለው ጣሪያ) 2048። ጃቫ «ፍሪ» የሚለው እስካሁን ከወሰደው ላይ የተረፈውን ነው። ገና ሊወስድ የሚችለውን አይጨምርም። ከ1024ቱ 90 ሲነሳ የተያዘው 934 ነው። ያንን ከ2048 ቀንሱት፤ ገና 1114 አለው። ከ934ቱም ስንቱ የሞተ ዕቃ እንደሆነ ማን ያውቃል? ማንም የማይፈልገው ዕቃ (ፕሮግራሙ የፈጠረው ዳታ) የጃቫ ቆሻሻ ጠራጊ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ፣ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ «የተያዘ» ተብሎ ይቆጠራል። ትንሽ ቆይቶ ጠራረገውና የተያዘው 310 ሆነ። ልጁ «ኦ» ብሎ ተኛ።

የኔ እንቅልፍ ግን ጠፋ። ማን ስንት ሜሞሪ እንደያዘ በሚያሳየው ቶፕ ላይ ሳየው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ለዚሁ ፕሮግራም 1.4 ጊጋባይት ጽፎለታል። አንድ ጊጋው ሂፕ ነው፤ ጃቫ የፕሮግራሙን ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቦታ። ቀሪው ከሂፕ ውጭ የሚይዘው ነው፦ ሜታስፔስ፣ ኮድ ካሽ፣ የየትሬዱ ስታክ። ጃቫን የጠየቅነው ስለ ሂፕ ነበር፣ የመለሰውም ስለ ሂፕ ነው። አልዋሸም። ያናደደኝ ሌላ ነው። የተያዘው 310 ከሆነ በኋላም ቶታሉ 1024 ላይ ተገትሯል። ባዶውን ታቅፎ ተቀምጧል።

እማዬ ትዝ አለችኝ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ስድስት ቢጫ ጀሪካን ነበራት። ሁለቱ የወጥ ቤቱን በር በደንብ አያስከፍቱም ነበር፤ በጎን ነበር የምንገባው። በኋላ ሮቶ አስገባንላት። ጀሪካኖቹ ግን ባዷቸውን እዚያው አሉ። አንዱ ክዳን የለውም፤ በፌስታል ታስሯል። «ለማን ነው?» ስላት «ተወው፣ ቀን አለው» ትላለች።

በ2019 የወጣው ጃቫ 12 ላይ ጂዋን (G1) የሚባለው ጋርቤጅ ኮሌክተር ፕሮግራሙ ሥራ ሲፈታ ያልተጠቀመበትን ለሲስተሙ እንዲመልስ ተደርጓል። ግን እሱም በየስንት ጊዜው እንደሚያይ ካልነገራችሁት ዜሮ ላይ ነው፤ ዝም ይላል። እማዬን ደግሞ እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ። ባለፈው ፋሲካ ከእህቴ ጋር ተመሳጥረን ሦስቱን ለቆራሌው ልንሸጥ ስንል በሩ ላይ ያዘችን። ከቆራሌው ጋር ተሳስቀው ቡና አጠጥታ ሸኘችው። ጀሪካኖቹን እኛው መልሰን አስገባን።

ባለፈው ሳምንት እኔ ሰፈር ውሃ ጠፋ። ሦስተኛ ቀኑ ላይ እማዬ ጋ ሄድኩ። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ሁለት ጀሪካን ከሮቶው ሞልታ ሰጠችኝ።

ውሃው ትናንት መጥቷል። ጀሪካኖቹ አሁን ባዷቸውን ሳሎን በሩ ጥግ ናቸው፤ በጎን ነው የምገባው። ልመልስላት አስቤ ነበር፣ ግን ደግሞ ነገ ቢጠፋስ?