ልጄ ኦፕራሲዮን ክፍሉን ከኔ ቀድማ ነው ያየችው

ልጄ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ በሁለተኛው ክፍሉን ቀድማ በቪአር መነጽር አይታው ነው የገባችው። የመጀመሪያውን ጊዜ ላስቀድም፣ እሱ ባይኖር ይሄን አልጽፍም ነበር። ያኔ ልጄ 3 ዓመቷ ነበር፣ ቶንሲል። ማታ ማታ ስታንኮራፋ ቤቱ ይናወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፣ ያኔ እኔና እናቷ ጨለማ ውስጥ አይናችንን አፍጥጠን መልሳ እስክትተነፍስ እንቆጥራለን። ስለዚ ይውጣ ሲባል ደስ ነው ያለን። ለሷ ግን የነገርናት "ዶክተሯ ጉሮሮሽን አይታሽ እንመለሳለን" ብቻ ነው። በቃ። በሩ ጋ ስንደርስ አንዷ ነርስ "አባት እዚህ ጋ ነው የሚቀረው" ብላ እጇን ዘረጋች፣ ልጄ አንገቴን አንቃ ይዛኛለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ራሴ ነኝ። በሩ ከተዘጋ በኋላም ለቅሶዋ ይሰማኝ ነበር፣ ከዛ ድንገት ቆመ። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፣ በሀኪሞቹ እጅ ምንም አልልም። ጉዱ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ሌሊት መሽናት ካቆመች ስንት ወር የሆናት ልጅ እንደገና ጀመረች፣ እየጮኸች ትነሳለች፣ ፊቷን ልናጥባት እጃችን ወደ አፏ ሲጠጋ ታብዳለች። ሁለት ሳምንት ገደማ እንደዛ ሆነን ከረምን። ያኔ ጉሮሮዋ አሟት ነው ብለን አለፍነው። ቆይቼ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት በጣም የፈሩ ልጆች ከዛ በኋላ ህመሙም ይብስባቸዋል፣ እንቅልፋቸውም ይረበሻል፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ዜቭ ኬን የሚባሉ የማደንዘዣ ሀኪሞች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት የኖሩት ነገር ነው። እኛ እንደ ልጅ ብልግና ቆጥረን "ተይ እንጂ ትልቅ ሆነሻል" እያልን ነበር።

ከሶስት ዓመት በኋላ ደግሞ የእምብርት ኸርኒያ አለባት ተባለ፣ እምብርቷ ጋ ባለ ክፍተት የሆድ ዕቃ ወደ ውጭ ሲገፋ ማለት ነው። አሁን 6 ዓመቷ ነው፣ ነገር ይገባታል፣ ይባስ ብሎ ታስታውሳለች። የምታስታውሰው ቶንሲሉን አይደለም፣ በሩን ነው። "አባ፣ በሩ ጋ ትተኸኝ ትሄዳለህ?" አለችኝ መኪና ውስጥ። መሪውን ይዤ ዝም።

ይሄኛው ሌላ ሆስፒታል ነው፣ ከኦፕራሲዮኑ ቀን ቀደም አድርገው ልጆቹን ከነወላጆቻቸው ጠርተው ያነጋግራሉ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ቢሮ ገብተን ጠረጴዛዋ ላይ የቪአር መነጽር፣ ያ አይን ላይ ሲደረግ ቪዲዮው ውስጥ ያለህ የሚያስመስለውን፣ ሳይ በሆዴ "ጀመሩ ደግሞ" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅን በጌም አፍዝዞ ሾልኮ ማስገባት ነው የመሰለኝ፣ ያው እኛ በውሸት ያደረግነውን እነሱ በቴክኖሎጂ ሊያደርጉት ነው ብዬ።

ሴትዮዋ ግን ቁጢጥ ብላ ከልጄ እኩል ሆነችና "ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ የምትተኚበትን ክፍል ላሳይሽ፣ ካላማረሽ አውልቂው፣ ማንም አያስገድድሽም" አለቻት። ወደኔ ዞራ ደግሞ "አባት፣ እርስዎ በዚህ ታብሌት ይከታተሉ፣ እሷ የምታየውን ነው የሚያሳይዎት"። በፊት የሚጥል በሽታ አለባት ወይ፣ መኪና ላይ ያስመልሳታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከንባቤ ትንሽ ልጉራ ብዬ "ሜታ ኩዌስት የሚባለው የቪአር መነጽር ከ10 ዓመት በታች ለሆነ አይሆንም ይላል አይደል?" አልኳት፣ አልተቆጣችም፣ እሱ ልጅ ቤት ይዞት ለሚውለው ነው፣ እኛ አጠገቧ ሆነን አምስት ደቂቃ ነው የምናሳያት አለችኝ።

ቪዲዮው ዙሪያውን በሚቀርጽ ካሜራ የተነሳ ነው፣ ካሜራውን ግን የተከሉት በልጅ ቁመት ልክ ነው፣ እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ የሰዎቹ ወገብ ነው የሚታየው፣ የበሩ እጀታ ከአይን በላይ ነው፣ ሰው ሲያናግርህ ከላይ ወደ ታች ጎንበስ ይላል። ለካ ለሷ ሆስፒታል ማለት እንዲህ ነው። ከዛ አልጋው ላይ ስትወጣ ምስሉ ጋደም ይልና ጣራው ይመጣል፣ ያን ጊዜ ልጄ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ "ጣራው ላይ ትልቅ አበባ አለ!" አለች። የኦፕራሲዮን መብራቱ ነው፣ ክብ ክብ መብራቶቹ ተደርድረው በቃ እውነትም አበባ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምጿ ቀነሰና "ሰዎቹ ለምን አፍ የላቸውም?" አለች። ባለሙያዋ መነጽሩን በቀስታ አወለቀችላትና የራሷን የአፍ መሸፈኛ ከፍ ዝቅ እያደረገች "አፍማ አለን፣ ይኸው፣ ጀርማችን ሆድሽ ውስጥ እንዳይገባ ሸፍነነው ነው" አለቻት። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ልጄ ሳቀች። እኔ እዛች ላይ ነው የተሸነፍኩት። ሶስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳስፈራት ስገምት ቪዲዮው በአምስት ደቂቃ አወጣው፣ አፍ የሌላቸው ሰዎች ናቸው ከእጄ የወሰዷት።

ስንወጣ የምትተነፍስበትን ማስክ፣ ያንን ጥርት ያለ ፕላስቲኩን፣ ቤት ይዛ እንድትጫወትበት ሰጠቻት። ሁለት ቀን ሙሉ መጀመሪያ አሻንጉሊቷን ከዛ እናቷን ከዛ እኔን ስታስተኛ ዋለች።

ቤት ገብቼ ያው እንደልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። ቪአር በህክምና አዲስ ነገር መስሎኝ ነበር፣ ለካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተቃጠሉ ሰዎች ቁስላቸው ሲጸዳ በቪአር ሌላ ዓለም እያሳዩ፣ በኋላም በበረዶ በተሞላ ዓለም በረዶ እያስወረወሩ ህመሙን ሲያስረሱ ነበር። ያ ማስረሳት ነው። የልጄ ደግሞ ማሳየት ነው፣ ሁለቱ በአንድ መነጽር ስለሚመጡ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል እንጂ ስራቸው ለየቅል ነው።

ማሳየቱ ላይ ደቡብ ኮሪያ ያለው የሴኡል ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ቡንዳንግ ሆስፒታል ሀኪሞች በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። ከ4 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 69 ልጆች ናቸው፣ ከፊሎቹ የሚያውቁት የካርቱን ፔንግዊን ኦፕራሲዮን ክፍሉን የሚያስጎበኝበት የ4 ደቂቃ ቪአር አዩ፣ የቀሩት የተለመደውን ማብራሪያ ብቻ ሰሙ። ፍርሃቱን የሚለኩት እዛው ዬል በተሰራው መለኪያ ነው፣ ልጁን ፈርተሃል ወይ ብለው አይጠይቁትም፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ እጅ እግሩ ምን ይሰራል፣ ድምጹ እንዴት ነው፣ ፊቱ ላይ ምን ይነበባል፣ ወላጁ ላይ ተለጥፏል ወይ እያለ ነጥብ ይሰጣል፣ ጣሪያው 100 ነው። ቪአር ያዩት መካከለኛ ነጥባቸው 31.7፣ ያላዩት 51.7። የኔን ልጅ በ3 ዓመቷ ቢለኳት ኖሮ ጣሪያውን ትበሳው ነበር።

ግን ሁሉም ቦታ እንደዛ አልወጣም። ሮተርዳም ያለው የሶፊያ ልጆች ሆስፒታል በ2019 ከ4 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 200 ልጆችን አይቶ ፍርሃቱ ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፣ የሚገርመው ቶንሲል ወይ አዴኖይድ (ከአፍንጫ ኋላ ያለ እጢ) ካስወጡት ውስጥ ቪአር ካዩት ተጨማሪ የህመም ማስታገሻ ያስፈለገው ለ55 ከመቶው ሲሆን ካላዩት ግን ወደ 96 ከመቶው ነው። ለምን ተለያዩ? እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ግን ልጄን ካየሁ በኋላ መነጽሩ ብቻውን ምንም አይመስለኝም። አፍ የላቸውም ስትል አጠገቧ መልስ የሚሰጥ ሰው ባይኖር፣ ያንን ምስል ይዛ ቤት ገብታ ሌሊት ሌላ ነገር ትሆንብን ነበር።

አንዱ ያነበብኩት ደግሞ እኔን አባትዬውን ነው የነካኝ። በ2015 የወጣ፣ ኮክሬን የሚባለው የህክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበበት ግምገማ አለ፣ ወላጅ አብሮ መግባቱ ብቻውን የልጁን ፍርሃት ቀነሰ የሚል ማስረጃ አላገኘም። አብሬያት ብገባ ኖሮ እያልኩ ሶስት ዓመት ራሴን ስበላ፣ ለካ እየተንቀጠቀጥኩ ብገባ ምናልባት አብሼባት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሁሉም ነገር እንደ ማስታወቂያ ቪዲዮ ሄደ ብላችሁ እንዳታስቡ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጊዜ እንዲያልፍላት ያኛውን የማስረሻውን ዓይነት ቪአር፣ ዓሳ የምታሳድድበትን ጌም ሰጧት፣ መነጽሩ ለጭንቅላቷ ከበዳት፣ አፍንጫዋ ላይ እየተንሸራተተ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ትንሽ ቆይታ "አባ አዞረኝ" ብላ አወለቀችው። ባለሙያዋም ይሄ ያጋጥማል ብላ ወዲያው ተቀበለቻት። ቢያስፈልግ ሚዳዞላም የሚባል የሚያረጋጋ ሽሮፕ አለ፣ ግን ይመራል፣ እስኪሰራም 20 ወይ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ያናድደዋል፣ እናየዋለን አለችኝ። ሳያስፈልግ ቀረ። በነገራችን ላይ ስታንፎርድ ያሉ ሀኪሞች መነጽሩ ማስኩን ስለሚጋፋው መሰለኝ አልጋው ላይ የሚገጠም ስክሪን ሰርተው ልጆቹ ቪዲዮ እያዩ ይገባሉ፣ ለከበዳቸው እሱ ይሻላል።

እንድገባ ፈቀዱልኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ደረቴ ላይ ከበሮ አለ፣ እሷ ግን "አሁን በግራ ነው" ብላ መራችን። እውነትም በግራ ነው። አልጋው ላይ ስትጋደም ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረችና "አየህ አበባው?" አለችኝ። ቀጥላም "አባ አትፍራ፣ አሁን የሚሸት ነገር ነው የሚመጣው፣ በአፍህ ተንፍስ" ብላ መከረችኝ፣ ማስኩ የሚመጣው ለኔ ይመስል። ማስኩን ራሷ ያዘችው። ከዛ ባለው ላይ ቪዲዮ ለአባቶችም ቢሰራ ጥሩ ነበር፣ አይኗ ተገላበጠ፣ እጇ ተወራጨ፣ ማንኮራፋት ጀመረች፣ "ይሄ የመድሃኒቱ ነው፣ እሷ አታውቀውም፣ አባት አሁን ግንባሯን ስመው ይውጡ" አሉኝ። ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ስትነቃ አለቀሰች፣ ያንን ልደብቅ አልፈልግም። እነዚያው ኮሪያዎች ከማደንዘዣ ሲነቁ የሚመጣውን መወራጨት ቪአሩ ይቀንሰዋል ወይ ብለው አይተውት ልዩነት አላገኙም። ሩብ ሰዓት ያህል ተወራጨች፣ እናቷ አቀፈቻት፣ ተረጋጋች። ሌሊት መነሳቱ ግን አልመጣም፣ አልጋዋም ደረቅ ነው፣ ፊቷን ስናጥባት ዝም ብላ ትታጠባለች።

ያን የኦፕራሲዮኑ ቀን ማታ ከሆስፒታሉ ልንወጣ ስንል ባለሙያዋ ልታያት መጣች። ልጄ በፕላስተር የታሸገውን እጇን፣ ተኝታ እያለች ግሉኮስ የሰኩባትን ቦታ፣ ከብርድ ልብሱ ስር አውጥታ አፍንጫዋ ስር ዘረጋችላት።

"ይሄ ቪዲዮው ላይ አልነበረም" አለቻት፣ ፊቷ ኮስተር ብሎ።

ሴትዮዋ ሳቀች መሰለኝ፣ ከዛ ግን ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና "ልክ ነሽ የኔ ቆንጆ፣ ረስተነው ነው፣ ሌላ ምን ጎደለው?" ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጄም ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች።