ሦስት «አዲስ ከተሞች» እና የሐመሩ «ሐ» ጣጣ

ካርታሄና የሚለውን ስም ተከትዬ ማጥናት ከጀመርሁ ይህ ስምንተኛ ወር ነው። በዚህ ሳምንት ማስታወሻዬን ሳልገልጥ ሦስቱን ወደቦች፣ ማለትም የቱኒዚያዋን ካርቴጅ፣ የስፔኗን ካርታሄናና የኮሎምቢያዋን ካርታሄና፣ በባዶ ወረቀት ላይ ነድፌ ታሪካቸውን ሳላምታታ ለመተረክ ስለ በቃሁ፣ የሄድሁበትን መንገድ አብራችሁኝ ለምትወያዩ ሁሉ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ባልዘረዝራቸው ይሻላል። ካርቴጅ በትውፊት በ814 ዓ.ዓ. ተመሥርታ በ146 ዓ.ዓ. በሮማውያን እንደ ፈረሰች፣ የስፔኗን የካርቴጁ የጦር መሪ ሐስድሩባል በ227 ዓ.ዓ. ገደማ እንደ ቆረቆራት፣ የኮሎምቢያዋን ደግሞ ስፔናዊው ፔድሮ ደ ኤሬዲያ በ1533 እ.ኤ.አ. እንደ መሠረታት በካርድ ላይ እየጻፍሁ ስሸመድድ ከረምሁ። ካርዶቹ ሲደባለቁ እኔም አብሬ ተደባለቅሁ። ታሪክን ከዓመተ ምሕረት የሚጀምር ሰው ጊዜውን ያባክናል የሚለው አቋሜ የተወለደው ያን ጊዜ ነው፤ በዚህ ከእኔ ጋር የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ያላንቀሳቀሰኝ ችግር ግን ስሙ ራሱ ነበር። ካርቴጅን የቆረቆሩት ፊንቄያውያን ከተማቸውን «ቀርት ሐደሽት» ይሏት ነበር፤ ትርጉሙም «አዲስ ከተማ» ነው። ይህን በላቲን ፊደል ሳነብ ለሳምንታት ምንም አልታየኝም። አንድ ማታ በእኛው ፊደል ጻፍሁትና ከሁለተኛው ቃል መጨረሻ የአንስታይ ጾታ ምልክት የሆነችውን «ት» በጣቴ ሸፈንኋት። የቀሩት ሐ፣ ደ እና ሸ ነበሩ። ፊንቄያውያን «ሸ» ባሉበት ቦታ ግእዝ «ሰ» ስለሚል፣ ከዓይኔ ሥር የተቀመጠው «ሐዲስ ኪዳን» የምንልበት «ሐዲስ» ነበር። ግሪኮች «ካርኬዶን»፣ ሮማውያን «ካርታጎ» እያሉ ያጠፏትን «ሐ» የእኛ ፊደል እስከ ዛሬ ይጽፋታል፤ እኛም ብንሆን «አዲስ» ስንል ውጠናታል። በሐመሩ ሐ እና በሃሌታው ሀ መካከል ያለው ልዩነት የሽማግሌዎች ጭንቀት ብቻ ነው እያልሁ የተከራከርኋችሁ እኔ ስለሆንሁ፣ በዚህ አጋጣሚ ክርክሬን አንሥቻለሁ።

በዚህ ግኝት ሰክሬ ግን ወዲያው ተሳሳትሁ። «ቀርት»ን ከ«ቅጥር» ጋር አዛመድሁት፤ ሆሄያቱ ቦታ ተለዋውጠው ነው ብዬ በውይይታችን ላይ በልበ ሙሉነት አስረዳሁ። ከንቱ ነበር፤ የ«ቅጥር» ጠ እና የ«ቀርት» ት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ትክክለኛ ዘመዱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደጋግመን ያነበብነው የ«ቂርያትይዓሪም» «ቂርያት» ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ማስታወሻ የያዛችሁ እባካችሁ ሰርዙልኝ። ሮማውያን ካርቴጅን ካፈረሱ በኋላ መሬቷ ላይ ጨው በተኑ ያልሁትንም አብራችሁ ሰርዙ፤ በጥንት ጸሐፊዎች ዘንድ የለም።

ስሙ ከተፈታ በኋላ የቀረው ቀለለ። ሮማውያን በዚሁ ስም የተጠራችውን የስፔኗን ከተማ ከመጀመሪያዋ ለመለየት «ካርታጎ ኖቫ» ሲሏት ሳያውቁት «አዲሲቱ አዲስ ከተማ» ብለዋታል፤ ስፔናውያንም ያንኑ ስም ይዘው ካሪቢያን ሲደርሱ «የኢንዲስ» (በዘመኑ አሜሪካን የሚጠሩበት ስም) የሚል ቅጥያ ጨመሩበት።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያዬ እርሳስና ወረቀት ብቻ ሆነ። የስፔኗን ከተማ ስነድፍ በሰሜን በኩል ያለውን ሐይቅ ካልጨመርሁ፣ የሮማው የጦር መሪ ስኪፒዮ በ209 ዓ.ዓ. እንዴት እንደ ያዛት አይገባኝም፤ ውኃው በጎደለ ሰዓት ወታደሮቹ በእግራቸው ተሻግረው ጠባቂ ባልነበረበት ቅጥር ላይ የወጡት በዚያ በኩል ነውና። ዛሬ ሐይቁ የለም፤ ስለዚህ ዘመናዊ ካርታ እየገለበጡ ማጥናትን አልመክርም። እዚያው ከተማ መሀል ለዘመናት ተቀብሮ የኖረው የሮማውያን ቲያትር የተገኘው በ1988 እ.ኤ.አ. መሆኑን ሳውቅ፣ ከነዋሪዎቹ እግር ሥር ተደብቆ መኖሩ አስገርሞኝ በተለየ ቀለም አሰመርሁት።

የኮሎምቢያዋን በግንቦቿ መጀመሬ ግን ስሕተት ነበር። በ1741 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ቬርኖን ከብቧት ሳይሳካለት ተመለሰ፤ መጨረሻው ሳይታወቅ ግን በአገሩ የድል ሜዳልያ እስከ መቅረጽ ተደርሶ ነበር። ይህን እያጣጣምሁ ስቆይ፣ ከተማዋ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የሚራገፉባት ትልቅ ወደብ እንደ ነበረችና ያመለጡት ሰዎች ሳን ባሲልዮ ደ ፓሌንኬን እንደ መሠረቱ ዘግይቼ ደረስሁበት። የዚያች መንደር ሰዎች መሠረቱ ስፔንኛ ሆኖ የኪኮንጎ (የመካከለኛው አፍሪካ ቋንቋ) ቃላት ያሉበት የራሳቸው ቋንቋ ዛሬም አላቸው። አሁን የምታገለው ከእርሱ ጋር ነው፤ አድምጬ አድምጬ ከስፔንኛው የለየሁት ከእጅ ጣት አይበልጥም። የካርቴጅም ክብ የጦር ወደብ፣ 220 መርከቦች ያስጠልል ነበር የሚባለው፣ በእጄ ስነድፈው ዛሬም እንቁላል እየመሰለ አስቸግሮኛል።