«ምን አለ ልጄ?»

ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አገር ቤት እየሄድኩ ነበር። መቀመጫዬ መስኮቱ ጋ ነው፣ ከክንፉ ትንሽ ወደ ኋላ። አጠገቤ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ እናት ተቀምጠዋል። ቀበቶውንም ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ።

ከተነሳን አርባ ደቂቃ ያህል ሆኖን ነበር። ድንገት «ጧ!» አለ፣ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ እንደሚሰማው። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሳብ አለ። ወለሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጆሯችንን ሞልቶት የነበረው ጉምጉምታ ቀነሰ። እኔን ከፍንዳታው ይልቅ ያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እማማ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

«ምን አለ ልጄ?»

በስደት ለስንቱ አስተርጉሜያለሁ። ሐኪም ቤት፣ ኢሚግሬሽን፣ የልጆች ትምህርት ቤት። እንዲህ ያለ ቃል ግን አፌ ላይ መጥቶ አያውቅም። «አየሩ ነው» ልላቸው አሰብኩ። ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። የራሳቸው ነፍስ ነው፤ የማወቅ መብት አላቸው።

«አንዱ ሞተር ቆሟል እማማ። በሌላኛው እየተመለስን ነው።»

«አንዱ ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል ብሏል።»

በመስኮቱ ሳይ ከክንፉ ጫፍ አካባቢ ነጭ ነገር እንደ ጭስ ይወጣል። ልቤ ቀጥ አለ። አስተናጋጇ አጎንብሳ ነዳጅ መሆኑን ነገረችኝ። ለረጅም ጉዞ የተሞላ አውሮፕላን ቶሎ ሲመለስ ለማረፍ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ነዳጁን አየር ላይ እያፈሰሰ ክብደቱን ይቀንሳል። ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤያለሁ። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ገና ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ በቀሪው መብረር መቻሉ ሳይረጋገጥ ሰው እንዲጭን አይፈቀድለትም። ፓይለቶቹም ይህንኑ በሲሙሌተር፣ በረራን በሚያስመስል መሣሪያ፣ ደጋግመው ይለማመዱታል። ሁለቱም ቢጠፉ እንኳ እንደ ድንጋይ አይወርድም። ነሐሴ 2001 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ላይ ነዳጁ ሾልኮ ያለቀበት ኤርባስ ኤ330 አውሮፕላን ያለ ሞተር 19 ደቂቃ ያህል ተንሳፍፎ አዞረስ ደሴቶች ላይ አርፏል። 306ቱም ሰዎች ተርፈዋል። ጥር 2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ወፎች ሁለቱን ሞተሮች ያበላሹበት አውሮፕላን ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም በሕይወት ወጡ። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ «ብሏል» አልልም ነበር። «ይበቃዋል እማማ» ነበር የምላቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ዞረን አረፍን። የእሳት አደጋ መኪኖች መብራታቸውን እያበሩ ከጎናችን ሮጡ። ጎማው መሬት ሲነካ ሰዉ አጨበጨበ፣ አለቀሰ። ክንዴ ላይ የእማማ ጥፍሮች አምስት ቀይ ምልክት ትተው ነበር።

በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን አሳፈሩን። አስተናጋጇን ለምኜ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተነሳን በኋላ የካፒቴኑ ድምፅ መጣ። እማማ ወዲያው ያንኑ ክንዴን ያዙ።

«ምን አለ ልጄ?»

«አየሩ ጥሩ ነው፣ በሰዓታችን እንደርሳለን ብሏል።»

እጃቸውን አላነሱም። እኔም እስክናርፍ ክንዴን አላንቀሳቀስኩም።